የበረኛው አወራረድ

ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለች አንድ ክፍል ቤት፤ የቁልቁለት ብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረችው ስንዱ ከወደቀች አራት ወሯ ነው፣ አልጋ ላይ ናት፤ ከእግር ኳስ በረኝነት ወደ ብስክሌት የመጣው አጥናፉ አንድ ወረቀትና አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።

አጥናፉ፦ ፈርሚ አላልኩሽም። አንብቢው ነው ያልኩሽ።

ስንዱ፦ አንብቤዋለሁ። አራት መስመር ለማንበብ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል ብለህ ነው? የተጎዳው ወገቤ እንጂ ዓይኔ አይደለም።

አጥናፉ፦ እሺ። ውሸት አለበት?

ስንዱ፦ «የብስክሌቴን የፊት ፍሬን ያስወጣሁት በገዛ ፍላጎቴ ነው፤ ማንም አልመከረኝም፤ ማንም አላስገደደኝም።» ውሸት የለበትም። ማን ጻፈልህ?

አጥናፉ፦ የእህቴ ባል። ጠበቃ ነው።

ስንዱ፦ ያስታውቃል። አንተ ብትጽፈው ኖሮ «እኔ አጥናፉ» ብለህ ነበር የምትጀምረው።

አጥናፉ፦ ስንዱ፣ የክለቡ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። ሦስት ሰው ተጎድቷል፤ ሦስቱም ያለ ፊት ፍሬን ሲወርዱ ነው። የሁለቱን ወረቀት ይዣለሁ። ያንቺ ብቻ ነው የቀረኝ።

ስንዱ፦ ሁለቱ ምናቸውን ነበር?

አጥናፉ፦ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ መንጋጋውን።

ስንዱ፦ መንጋጋው የተሰበረው ልጅ «ማንም አልመከረኝም» ያለው በምኑ ነው?

አጥናፉ፦ ጽፎ።

ስንዱ፦ ጎበዝ። ሦስቱ ወረቀት ከተሟላልህስ?

አጥናፉ፦ የታዳጊዎቹ አሰልጣኝ እሆናለሁ። አሥራ አራት ልጆች ናቸው። ኮሚቴው ሌላ ሰው አላሰበም፤ የአደጋው ነገር ይጥራ ነው ያሉት።

ስንዱ፦ ካልጠራ?

አጥናፉ፦ ካልጠራማ የት እሄዳለሁ? ኳሱ እንደሆነ ተመልሼ አልገባበትም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ስንዱ፦ እኔ ሃያ አምስት ነኝ። የምሄድበት የለኝም ስትል ግን እንዴት ያምርብሃል። ቆመህ ብትለው ደግሞ ይበልጥ ያምርብህ ነበር።

አጥናፉ፦ መስደብሽን ስትጨርሺ ንገሪኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት። አራት ወር ሙሉ ስመላለስ እናትሽ ከበር ነው የምትመልሰኝ።

ስንዱ፦ ዛሬም አስባህ አይደለም። ፋርማሲ ልትሄድ አጠገቤ የምትቀመጥ ጎረቤት ፈለገች፤ በዝናቡ ምክንያት ሁሉም ቤቱ ገብቷል። አንተ በር ላይ ቆመህ ነበር።

አጥናፉ፦ ይሁን። ገባሁ አይደል።

ስንዱ፦ መጀመሪያ የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? እንጦጦ ላይ፣ የበረኛ ጓንት አድርገህ፣ የጉልበት መከላከያውን ክርንህ ላይ አስረኸው።

አጥናፉ፦ ሳቃችሁብኝ።

ስንዱ፦ አራት ጎል ገብቶበት የተባረረ በረኛ ተራራ ወጣ ብለን ነው የሳቅነው።

አጥናፉ፦ አምስት ነው የገባብኝ።

ስንዱ፦ ይቅርታ፣ አንዱን ሰረቅኩህ። በአራተኛው ወር ግን ቀደምከኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድ ሴት ሳይባል ከዚያ ተራራ ላይ እኔን ቀድሞ የወረደ አልነበረም።

አጥናፉ፦ በሁለት ሰከንድ ነው።

ስንዱ፦ በሁለት ሰከንድ። ከዚያ ወዲያ ተራራው በሙሉ አንተን ሆነ። ሁሉም የበረኛ ጓንት ገዛ፤ ሁሉም እንደ አንተ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ፣ እየተወዘወዘ ይወርዳል። ጋሽ ሰጥአርጌ ጥገና ቤት ስገባ አንድ የሳሙና ካርቶን ሙሉ የፊት ፍሬን አየሁ። ይኼ ሁሉ የማን ነው አልኩት። የሁላችሁም ነው፣ ያንቺ ብቻ ነው የሚቀረው አለኝ።

አጥናፉ፦ ማንንም ፍታ አላልኩም።

ስንዱ፦ አላልክም። እኔን ደግሞ «እመት ፍሬን» ይሉኝ ጀመር። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ሁሉ፣ ከነብስክሌታችን ተራራ የሚያወጣን አይሱዙ ላይ ስወጣ ቦታ ይለቅልኛል፣ ለአሮጊት እንደሚለቀቀው። አንተም ትስቅ ነበር።

አጥናፉ፦ ቀልድ ነበር እኮ። ደግሞ መጥፎውን ብቻ አትቁጠሪ። እኔ ከመምጣቴ በፊት በየወሩ የአንድ ሰው የእጅ አንጓ ይሰበር ነበር፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ነበር የምትወድቁት። ትከሻ አስገብቶ መንከባለልን ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ። በረኛ ሌላ ነገር ባያውቅ መውደቅ ያውቃል።

ስንዱ፦ እሱስ እውነት ነው። አመሰግንሃለሁ። በውድድሩ ቀንም እንዳስተማርከኝ ነው የወደቅኩት። ባሕር ዛፉ ጋ ያለው ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ ከድቶኝ ሄደ፤ የፊቱን ፍሬን ልይዝ ጣቴን ሰደድኩ፤ የሚያዝ ነገር የለም። ትከሻዬን አስገብቼ ተንከባለልኩ። የተንከባለልኩት ድንጋይ ላይ ነው። ሐኪሙ እጆችሽ ምንም አልሆኑም አለኝ፣ ደስ ይላታል ብሎ።

አጥናፉ፦ ሮጬ የደረስኩት እኔ ነኝ። በሳንቃ ተሸክመን አወረድንሽ።

ስንዱ፦ አውቃለሁ። ዋንጫውን ስትቀበል እኔ የት ነበርኩ?

አጥናፉ፦ አምቡላንስ እየጠበቅሽ።

ስንዱ፦ ከመድረኩ በስንት ሜትር?

አጥናፉ፦ አላውቅም። ሃያ፣ ሠላሳ።

ስንዱ፦ ተጨበጨበ?

አጥናፉ፦ ትንሽ።

ስንዱ፦ እሺ። እፈርማለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። አንተ የፊት ፍሬንህን ለምን አወጣኸው?

አጥናፉ፦ ስንት ጊዜ ተናገርኩት።

ስንዱ፦ በሬዲዮ። «በረኛ ኳስ ሲመጣበት ወደኋላ አይልም። የፊት ፍሬን ወደኋላ ማለት ነው።» በቃሌ ይዤው ነበር። እዚህ ግድግዳ ላይ ጽፌ ለጥፌው ነበር፤ እናቴ ናት የቀደደችው።

አጥናፉ፦ እሱው ነው መልሱ።

ስንዱ፦ መልካም። እስኪ ካመጣኸው ብርቱካን አንዱን ላጥልኝ። አፌ ደርቋል።

አጥናፉ፦ ቢላ የታል?

ስንዱ፦ እኔ ባለሁበት ቢላ አያስቀምጡም። በእጅህ ላጠው።

አጥናፉ፦ እናትሽ ስትመጣ ብትልጥልሽስ?

ስንዱ፦ ብርቱካን መላጥም ኮሚቴ ይፈልጋል?

አጥናፉ፦ አምጪው።

ስንዱ፦ ጉልበትህ መሃል ለምን አስገባኸው?

አጥናፉ፦ እንዳይንሸራተት ነው።

ስንዱ፦ በግራህ አይያዝም? አሁን ደግሞ በጥርስህ። አጥናፉ፣ ተወው። ግራ እጅህን ወዲህ አምጣው።

አጥናፉ፦ ምን ልታደርጊው?

ስንዱ፦ ላየው። ሁለት ዓመት አብረን ስንወጣና ስንወርድ ወይ ጓንት ውስጥ ነው ወይ ኪስህ ውስጥ። ጨብጠው።

አጥናፉ፦ ይኸው።

ስንዱ፦ ጨብጠው ነው ያልኩህ።

አጥናፉ፦ ጨብጬዋለሁ።

ስንዱ፦ ሁለቱ አልታጠፉም።

አጥናፉ፦ አመልካቹና መሃለኛው ናቸው። ጅማ ላይ አጥቂው በታኬታው ቆመበት። ለማንም ሳልናገር አምስት ጨዋታ ተጫወትኩበት። አምስቱ ጎል የገባው በመጨረሻው ጨዋታ ነው።

ስንዱ፦ በእነዚህ ጣቶች የፍሬን እጀታ መሳብ ትችላለህ?

አጥናፉ፦ አልችልም።

ስንዱ፦ የፊት ፍሬን እጀታ በየት በኩል ነው?

አጥናፉ፦ ታውቂዋለሽ።

ስንዱ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

አጥናፉ፦ በግራ።

ስንዱ፦ ሬዲዮውስ?

አጥናፉ፦ ሬዲዮው ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ጣቴ አይታጠፍም ልበል? ፍሬኑን ሳስወጣ ብስክሌት ከያዝኩ ገና አንድ ወር ነበር። ጋሽ ሰጥአርጌ «የማትስበው ከሆነ ምን ላድርገው?» አለኝ፤ አውጣው አልኩት። ከዚያ አሸነፍኩ። ካሸነፍኩ በኋላ ሰው ሁሉ ለምን እንዳወጣሁት የየራሱን ምክንያት ይዞ ነው የመጣው። እኔ ከመጡት ውስጥ ደህናውን መረጥኩ።

ስንዱ፦ የሁለቱንም ፍሬን ሽቦ በቀኙ እጀታ ላይ ማሰር ይቻላል እኮ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መርካቶ አንድ እጁ የማይሠራለት ዕቃ አመላላሽ እንኳ እንደዚያ አሳስሮ ነው የሚነዳው።

አጥናፉ፦ አላውቅም ነበር። ከኳስ ሜዳ የመጣሁ ሰው ነኝ። የማልጠቀምበት ነገር ከሆነ ይውጣ ነው ያልኩት።

ስንዱ፦ ጋሽ ሰጥአርጌስ አልነገረህም?

አጥናፉ፦ አልጠየቅኩት። ጣቴን አላሳየሁትም፤ የማልስበው ስላልፈለግኩ መስሎት ነው።

ስንዱ፦ መቼ አወቅክ?

አጥናፉ፦ ጥር ላይ። ለሌላ ሰው ሲያስር አየሁት።

ስንዱ፦ አሳሰርክ?

አጥናፉ፦ አንድ ጊዜ። ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ ወጥቼ ወረድኩበት።

ስንዱ፦ በስንት ገባህ?

አጥናፉ፦ ተይው።

ስንዱ፦ በስንት ገባህ ነው ያልኩህ።

አጥናፉ፦ በአምስት ሰከንድ ፈጠንኩ።

ስንዱ፦ በአምስት።

አጥናፉ፦ አንድ ጊዜ ነው የሞከርኩት። መንገዱ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ስንዱ፦ ቆይ፣ ላስላው። አንተ የቀደምከኝ ፍሬን ስለሌለህ አይደለም። ፍሬን ሳይኖርህም ነው የቀደምከኝ። ደረትህ፣ አለመፍራትህ፣ ቢወድቅ ግድ የማይሰጠው ሰው መሆንህ ነው። እኔ ደግሞ ምስጢሩ ፍሬኑ ላይ መስሎኝ እሱን ፈታሁት። እግሬን የሰጠሁት በአምስት ሰከንድ ለመዘግየት ነው ማለት ነው።

አጥናፉ፦ እንደዚያ አትበይው።

ስንዱ፦ እንዴት ልበለው? አንተ ሬዲዮ ለምደሃል፤ አሳምርልኝ።

አጥናፉ፦ ስንዱ፣ አሁን ይኼ ምን ይጠቅምሻል?

ስንዱ፦ የሚጠቅመኝን እኔ ልወቀው። ጥር ላይ አወቅክ። እኔ የወደቅኩት መጋቢት ነው። ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት አይሱዙው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር የወጣነው። ምን ጠየቅኩህ?

አጥናፉ፦ አላስታውስም።

ስንዱ፦ ታስታውሳለህ። ጓንትህን ጓንትህን እያየህ ነበር። «ፍሬኑን ነገ ላስፈታው ነው፤ ከባድ ነው እንዴ?» አልኩህ። ምን አልከኝ?

አጥናፉ፦ «ትለምጂዋለሽ።»

ስንዱ፦ ትለምጂዋለሽ። አፍህን ከምትከፍት ጓንትህን ብታወልቅ ይቀልህ ነበር። ለምን አላወለቅክም?

አጥናፉ፦ እናትሽ ልትመጣ ነው።

ስንዱ፦ የፋርማሲው ወረፋ ረጅም ነው፣ እናቴ ቶሎ አትመጣም። ጊዜ አለን።

አጥናፉ፦ ያን ሳምንት በልምምድ በግማሽ ሰከንድ ቀድመሽኝ ነበር። ከነፍሬንሽ።

ስንዱ፦ አላውቅም ነበር።

አጥናፉ፦ ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አልነገርኩሽም። ተጠግተሽኝ ሳይሆን አልፈሽኝ ነበር። ብትፈቺው እንደምትዘገዪ አውቃለሁ፤ ሞክሬዋለሁ። እንደምትወድቂ ግን አላሰብኩም። ይህን እመኚኝ።

ስንዱ፦ አምንሃለሁ። እንድዘገይ ብቻ ነው የፈለግከው።

አጥናፉ፦ አዎ።

ስንዱ፦ ዘገየሁልህ። የእህትህ ባል ጎበዝ ጠበቃ ነው። «ማንም አልመከረኝም።» ሳያውቅ ልኩን ጻፈው። ሐሙስ ይህን ሁሉ ብናገርስ?

አጥናፉ፦ ለኮሚቴው?

ስንዱ፦ ለኮሚቴውም፣ ለሚወርዱትም።

አጥናፉ፦ ለሚወርዱት ተናግሬያለሁ።

ስንዱ፦ መቼ?

አጥናፉ፦ አንቺ በወደቅሽ በሳምንቱ። መኪናው ላይ ጓንቴን አውልቄ ጣቴን አሳየኋቸው። ፍሬኑን ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ መልሳችሁ አስገጥሙ አልኳቸው።

ስንዱ፦ እነሱስ?

አጥናፉ፦ ሳቁ። በፍጥነት ደረስንበት መሰለኝ፣ አሁን ወደኋላ ሊያስቀረን ነው አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ ጣታቸውን በፕላስተር አስረው መጡ።

ስንዱ፦ የትኞቹን ጣቶች?

አጥናፉ፦ አመልካቹንና መሃለኛውን።

ስንዱ፦ የግራ?

አጥናፉ፦ የግራ። ካላመንሽኝ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። ይኸው።

ስንዱ፦ አጥብቀው ነው ያሰሩት። ይኼ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የሚስቀው ማነው?

አጥናፉ፦ መንጋጋው የተሰበረው ነው። ፎቶው ከመሰበሩ በፊት ነው።

ስንዱ፦ ጥርሱ ያምር ነበር።

አጥናፉ፦ ለዚህ ነው የማሳይሽ። እኔን ብታባርሩኝ ፍሬኑን አያስገጥሙትም፤ እንዲያውም የተበደልኩ ጀግና አድርገው ይይዙኛል። አሰልጣኝ ከሆንኩ ግን አዛቸዋለሁ። ያለ ፊት ፍሬን መኪናው ላይ የሚወጣ የለም እላለሁ፤ አለቀ። ለዚያ ሥልጣኑ ያስፈልገኛል፤ ለሥልጣኑ ያንቺ ፊርማ።

ስንዱ፦ ለምን ብለው ቢጠይቁህ?

አጥናፉ፦ ደንብ ነው እላለሁ።

ስንዱ፦ ጣትህንስ?

አጥናፉ፦ አንዴ አሳይቻለሁ፣ አላመኑኝም። ጓንቴን አደርጋለሁ።

ስንዱ፦ «የበረኛው አወራረድ» የሚባለውስ ይቀራል?

አጥናፉ፦ ስሙ ምን አደረገሽ? እሱ ብቻ ነው ያለኝ።

ስንዱ፦ እስክሪብቶ አለህ?

አጥናፉ፦ አለኝ። እዚህ ጋ ነው። ከሥሩ ቀኑን ጻፊበት።

ስንዱ፦ ፈርሜያለሁ። ቆይ፣ አትሳበው። ጀርባው ባዶ ነው።

አጥናፉ፦ ምን ልትጽፊበት?

ስንዱ፦ ማመልከቻ።

አጥናፉ፦ የምን ማመልከቻ?

ስንዱ፦ የታዳጊዎች አሰልጣኝነት። «ሦስት ዓመት አሸናፊ፣ ከነፊት ፍሬኗ።» ሌላ ምን ይጻፋል? አድራሻዬን ያውቁታል፤ ከዚህ የትም አልሄድኩም።

አጥናፉ፦ አምጪው ወረቀቱን።

ስንዱ፦ ልጨርስ። ይኸው። ፊቱ ያንተ፣ ጀርባው የኔ። ፊርማዬን ማስገባት ከፈለግክ ማመልከቻዬንም ይዘህልኝ ትገባለህ። ካልፈለግክ ቅደደውና ሁለታችንም እንቅር። ሌላ አልፈርምም።

አጥናፉ፦ ትቀልጃለሽ። አራት ወር ሰው እንዳያይሽ መስኮት አዘግተሽ ተኝተሽ፣ አሁን በሸክም ተራራ ልትወጪ ነው?

ስንዱ፦ አይሱዙው አለ። ሃያ ብስክሌት የሚጭን እኔን አያቅተውም። ከብስክሌት ብዙም አልከብድም አሁን።

አጥናፉ፦ እነዚያ ልጆች ይሸሹሻል። እኔ እንኳ እዚህ በር ላይ ስቆም እግሬ ወደኋላ ነው የሚለኝ። እንዲህ ሆነሽ ማንም ሊያይሽ አይፈልግም። ልንገርሽ ብዬ ነው።

ስንዱ፦ ልክ ነህ፤ አይፈልግም። አንተ ላይ ያዩትን ሁሉ መረጡት፤ እኔ ላይ የሚያዩት የማይመርጡት ነገር ቢሆን ነው የሚሻለው።

አጥናፉ፦ መንዳት የማትችል ሰው መንዳት ልታስተምር?

ስንዱ፦ አንተ በማይታጠፍ ጣት ተራራውን በሙሉ ፍሬን አስፈትተሃል። እኔ በማይንቀሳቀስ እግር ላስገጥም።

አጥናፉ፦ በምን ታስገጥሚያለሽ? የኔን ቃል ያልሰሙ ያንቺን ይሰማሉ? ደንብ ታወጪያለሽ?

ስንዱ፦ ደንብ አላወጣም። ያለ ፊት ፍሬን የመጣ አይባረርም፤ አልቆጣውምም። ከመውረዱ በፊት ግን የሽንቴን ከረጢት ይፈታል፣ ይደፋል፣ አጥቦ መልሶ ያስርልኛል። ከዚያ ከፈለገ ይውረድ።

አጥናፉ፦ ልጆች ናቸው፣ ስንዱ። ጭካኔ ነው ይኼ።

ስንዱ፦ ነው።

አጥናፉ፦ አንድም ልጅ አያደርገውም።

ስንዱ፦ ከረጢቱ እናቴ እስክትመጣ አይቆይም፣ ሞልቷል። ከአልጋው ሥር ተንጠልጥሏል፤ በቀኝ እጅህ ያዘው።